ስለ ፍልፈልና ስለ ግቢያችን ሣር



ጉዳዩ ስለ ፍልፈል ነው። «አገር ስንት ከባድ ነገር እያለበት መምህር የሆነ ሰው ስለ ፍልፈል ይጽፋልን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ባለፈው መስከረም በቤቴ የደረሰው ነገር ባይደርስ ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ በኪራይ ቤት ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ርዝመቱ ሃያ፣ ስፋቱ ዐሥራ አምስት እርምጃ የሚሆን ሜዳ አለ። ባለቤቴና እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋዩን ለቅመን፣ ሰርዶ ተክለን፣ ውሃ በመጣ ቀን እያጠጣን አረንጓዴ አደረግነው። ልጆች ይንከባለሉበታል፤ በበዓል ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ይጠጣበታል። አንድ ማለዳ ስነሣ ግን በሣሩ መካከል እንደ ቁና የተቆለለ ጥቁር አፈር አየሁ። በሳምንቱ ቁልሉ ሰባት ሆነ። ሣሩ ከሥሩ እየተበላ በመስመር በመስመር ይደርቅ ጀመር፤ ሰው ሲረግጠውም መሬቱ እየከዳ እግር ይውጣል።

ምክር የሚሰጥ አልጠፋም። አንዱ ውሃ አፍስስበት አለኝ፤ በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ መሆኑን እያወቅሁ ሁለት በርሜል አፈሰስሁ፤ መሬቱ ጠጥቶት ዝም አለ። ሌላው በርበሬ አጢሰህ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ አስገባው አለኝ፤ የታጠንነው እኛ ነን። ሦስተኛው ወዳጄ ግን «ለነቀዝ የሚሸጠውን እንክብል ግዛ፤ በአንድ ሌሊት ትገላገለዋለህ» አለኝ። ከአንድ ሱቅ ሃያ ፍሬ ገዛሁ። ባለሱቁ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ስሙ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚደረግ፣ ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ የተጻፈበት ነገር አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። በጉዳዩ ይበልጥ የማፍረው የማስተምረው ትምህርት ኬሚስትሪ ስለ ሆነ ነው።

በየቁልሉ ሥር ሁለት ሁለት እንክብል ጨምሬ፣ አፈር መልሼ፣ እንደ ተመከርሁት ጥቂት ውሃ አርከፈከፍሁበት። ከሰባቱ ቁልሎች አንዱ ከሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። በዚያ ክፍል የምትተኛው ከገጠር መጥታ እኛ ዘንድ የምትማር የእኅቴ ልጅ ናት። ሊመሽ ሲል «ጋሼ፣ ክፍሌ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል» አለችኝ። ከወጥ ቤት የመጣ መስሎኝ «መስኮቱን ዝጊው» አልኋት! እኩለ ሌሊት ሲሆን ራሴን አለች፤ ቀጥሎም ማስመለስ ጀመራት፤ ደረቷም ተጨነቀ። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ድረስ ምን እንደ ነካት አልገባኝም ነበር። ሐኪሙ ሽታውን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ቤት ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት አለ? ስንት ፍሬ ነው ያደረጉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ማርከሻ እንዳለው ብጠይቀው እንደሌለው ነገረኝ፤ የሚቻለው ትንፋሿንና የደም ግፊቷን እየተከታተሉ ማቆየት ብቻ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን በእግዚአብሔር ቸርነት ድና ወጣች። በአራተኛው ቀን ማለዳ በሣሩ ላይ ስምንተኛው ቁልል ተቆልሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፍ ያገላበጥሁት። እንክብሉ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለውን ጋዝ ያመነጫል፤ ሦስት ግራም የሚመዝነው አንዱ ፍሬ አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይወጣዋል። የተሠራው በታሸገ መጋዘንና ጎተራ ውስጥ ያለውን ነቀዝ ለመግደል ነው። ፍልፈል ደግሞ የመተላለፊያውን አፍ በአፈር የመድፈን ልማድ ያለው እንስሳ ስለ ሆነ ጋዙ ወደ እርሱ እንዳይደርስ ራሱ በር ይዘጋበታል። የተዘጋበት ጋዝ በመሬት ውስጥ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የኛ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እስከ ቤት መሠረት ይደርሳል። የቀረውን አንባቢ ራሱ ሊያስበው ይችላል።

ይህ በእኔ ቤት ብቻ የደረሰ ስንፍና አይደለም። በ2002 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010) በአሜሪካ አገር በዩታ ግዛት፣ ሌይተን በምትባል ከተማ፣ ተባይ ለማጥፋት የተቀጠረ ሠራተኛ በአንድ መኖሪያ ቤት ሣር ላይ በነበሩ የአይጥ ጉድጓዶች ውስጥ ይህንኑ እንክብል ቢጨምር ጋዙ ወደ ቤት ገብቶ ሁለት ሕፃናት እኅትማማቾች ሞቱ። አንዷ የአራት ዓመት ልጅ ስትሆን ሁለተኛዋ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። በዚያው ዓመት የአገሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንክብሉ በመኖሪያ ቤት ግቢ በጭራሽ እንዳይደረግ ከለከለ፤ በሌላም ቦታ ሲደረግ ሰው ካለበት ሕንፃ መቶ ጫማ፣ ማለት ሠላሳ ሜትር ያህል፣ እንዲርቅ አዘዘ። እንግዲህ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በቤት አጠገብ እንዳይነካው የተከለከለውን ነገር እኛ በጋዜጣ ጠቅልለን በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። በአገራችንም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። ሕጉ አለ፤ በችርቻሮ ሱቅ ውስጥ ግን እኔ ወርቃማ ፊደሉን ቀርቶ ጥላውንም አላየሁም።

አንዳንድ ሰው «ጋዙ አደገኛ ከሆነ መርዝ የተለወሰ እህል እናድርግ» ይል ይሆናል። ይህም ቢሆን ዶሮውና ውሻው፣ ከሁሉም በላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስደው ሕፃን በሚውልበት ግቢ የሚደረግ አይደለም። ፍልፈል ሥርና ግንደ ሥር እየቆረጠ የሚኖር ስለ ሆነ የተበተነውን እህል አስቀድሞ የሚያገኘው ከላይ የሚሄደው ነው።

ታዲያ ፍልፈልን ምን እናድርገው? በቅድሚያ ማን እንደሆነ እንወቀው። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የአትክልት ሥራ የሚያስተምሩን ፈረንጅ ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት እጅግ የሚወዱት ሣር ነበራቸው። ፍልፈል ገባበት። እርሳቸውም ከአገራቸው ባመጡት መጽሐፍ «ሞል» ስለሚባለው እንስሳ የተጻፈውን አንብበው፣ ትሉን ካጠፋን ርቦት ይሄዳል ብለው አንድ ዓመት ሙሉ ከሣሩ ሥር ትል አስለቀሙን። ፍልፈሉ ግን እየወፈረ ሄደ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መዝገበ ቃላት ሁለቱን በአንድ ስም ቢጠራቸውም የፈረንጁ ሞል ትልና ነፍሳት የሚበላ፣ ከአይጥ ወገን ያልሆነ፣ በአፍሪካም የማይገኝ እንስሳ ነው። የኛ ፍልፈል የአይጥ ወገን ነው፤ ትል አይፈልግም፤ ምግቡ ሥር፣ ድንች፣ ካሮት፣ የሣር ግንደ ሥርና እንሰት ነው። ያደግሁት በከምባታ ስለ ሆነ አያቴ ደኅና የነበረው እንሰት ድንገት ሲጠወልግ ባየች ጊዜ ወዲያው ሥሩን ትመለከት እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

የዚያን የሚሲዮን ግቢ ፍልፈል በመጨረሻ የያዙት ፊደል ያልቆጠሩ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። በአንድ ሲባጎና በአንድ ቀንበጥ ያዙት፤ የፈጀባቸውም ግማሽ ቀን ነው። ያን ጊዜ ስቄ አልፌው ነበር፤ ዘንድሮ ግን እኔም ያደረግሁት የርሳቸውን ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

ማለዳ ተነሥቶ ከቁልሎቹ መካከል አፈሩ እርጥብና ትኩስ የሆነውን መምረጥ ነው፤ የደረቀው የተተወ ነው። ከዚያም በቀጭን ፌሮ ብረት በቁልሉ ዙሪያ መሬቱን መውጋት፤ ብረቱ ድንገት ከዳ ብሎ ሲገባ መተላለፊያው እርሱ ነው። በዶማ ከፍቶ ማጽዳት ያስፈልጋል። ፍልፈል ብርሃንና ነፋስ ሲገባበት ስለማይወድ ሊደፍነው አፈር እየገፋ ይመጣል፤ ብልሃቱ ሁሉ ያለው በዚህ ልማዱ ላይ ነው። ከቀዳዳው አጠገብ ጠንካራ የባሕር ዛፍ ቀንበጥ ይተከልና ጫፉ ወደ መሬት ይጎብጣል። ከጫፉ ላይ የታሰረው ሸምቀቆ በመተላለፊያው አፍ ዙሪያ ይዘረጋል። የጎበጠውን ቀንበጥ ወደ ታች ይዞ የሚያቆየው ሌላ ቀጭን ክር ደግሞ በመተላለፊያው መካከል ተጋድሞ ይወጠራል። ፍልፈሉ ሲመጣ መንገዱን የዘጋበትን ክር በጥርሱ ይቆርጣል፤ ቀንበጡ ተስፈንጥሮ ሲነሣ ሸምቀቆው ይይዘዋል። መተላለፊያው ሁለት አፍ ስለሚኖረው ወጥመዱ በሁለቱም በኩል ቢደረግ ይሻላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ክሩን እጅግ አወፍሬው ሳይቆርጠው በአፈር ደፍኖት ሄደ። በሁለተኛው ቀን ተያዘ።

ደግሞም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሰባት ቁልል ያየ ሰው ሰባት ፍልፈል ያለው ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ፍልፈል ግን ብቸኛ እንስሳ ነው፤ በአንድ ጉድጓድ የሚኖር አዋቂ ፍልፈል በተለምዶ አንድ ነው። ያን ሁሉ ሜዳዬን ያረሰው፣ የእኅቴንም ልጅ ሐኪም ቤት ያስገባኝ፣ ክብደቱ 300 ግራም የማይሞላ አንድ ፍጥረት ነበር። ከተያዘ በኋላ ግን ጉድጓዱን እንዳለ መተው ስሕተት ነው፤ ባዶ ቤት ያገኘ ሌላ ፍልፈል ይገባበታልና። ስለዚህ መተላለፊያውን እየተከተሉ ማፍረስ፣ አፈሩን ረግጦ ማጥበቅ፣ ከላይም ሰርዶ መልሶ መትከል ይገባል። ካሮት ወይም ድንች በመደብ የሚተክል ሰው አቅሙ ከፈቀደ ከመደቡ ሥር ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ቢያነጥፍ ከአምስት ዓመት ጭቅጭቅ ይድናል። ለሣሩ ሜዳ ግን ዋጋው አይቀመስም።

በሌላ በኩል ደግሞ ከጓሮ ዳር አንድ ሁለት ቁልል ቢታይ ዝም ብሎ ማለፍም ነውር አይደለም። የሚያወጣው አፈር የላላ ስለ ሆነ ባለቤቴ ለአበባ ማሰሮዎቿ ትወስደዋለች። በባሌ ተራሮች ያለው ትልቁ ፍልፈል ባይኖር በዓለም ላይ በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡን ያጣ ነበር። የኔ ሜዳ ባሌ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የባለቤቴም ትዕግሥት ወሰን አለው።

አሁን ወደ ቀረኝ ጉዳይ ልመለስ። ከገዛሁት ሃያ እንክብል ስድስቱ ተርፈዋል። ወደ ሱቁ ይዤ ብሄድ ባለሱቁ በደስታ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ለሌላ ሰው እንደሚሸጠው ስለ ገባኝ ይዤው ተመለስሁ። ሽንት ቤት ብጥለው ውሃ ያገኘዋል፤ ብቀብረው እርጥበት ያገኘዋል፤ ከቆሻሻ ጋር ብጥለው ቆሻሻ የሚለቅሙት ልጆች ያገኙታል። ለጊዜው በደረቅ ቆርቆሮ ታሽጎ ከቤት ውጭ ተቆልፎበት ተቀምጧል። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን የተረፈ መርዝ ከየቤቱ የሚቀበልበትን ቦታ በዚሁ ጋዜጣ ቢያስታውቀን፣ እኔ በማግሥቱ ስድስቱን ፍሬ ይዤ እሄዳለሁ፤ በሰፈራችንም እንደኔ ይዘው የተቀመጡ ቢያንስ አራት ቤቶች ስላሉ አብረን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ