ለመንጠቆ ዓሣስ ቤት ያስፈልገዋልን?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አበው። ይህን ብሂል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ እውነተኛነቱን የተረዳሁት ግን ባለፈው ዓመት በእጄ በሞቱ ሃያ ትንንሽ ዓሦች ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ በዕረፍት ቀናቸው ወደ ቆቃ ሐይቅ ወርደው አምባዛ ማጥመድ ይወዳሉ። አምባዛ በመንጠቆ ላይ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ዓሣ ሲያይ ይጎመጃልና፣ ከአንድ የዓሣ ኩሬ የቆሮሶ ጫጩቶች ገዝተው «እስክሄድ ድረስ አንተ ጠብቅልኝ» በማለት የካ ዳገት ላይ ወዳለው ቤታችን አመጡልኝ። እኔም ከቧንቧ ቀድቼ ባሳደርሁት ውሃ ባልዲ ሞልቼ አስገባኋቸው፤ የዳቦ ፍርፋሪም ሳልሰስት ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው አገኘኋቸው። ውሃው ግን ለዓይን ንጹሕ ይመስል ነበር።

እናቴ «ልጄ፣ ለመንጠቆ የታሰበ ዓሣ ዛሬ ቢሞት ነገ ቢሞት ምን ልዩነት አለው?» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ጓደኞቼም እንዲሁ አሉኝ። እኔ ግን በዚህ ሐሳብ አልስማማም፤ ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም ስለዚህ ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የሚባል መርዝ ያስወጣል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም ይኸው መርዝ ይፈጠራል፤ በዓይንም አይታይም። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እንግዲህ ማጣሪያ ማለት ጉድፍ የሚይዝ ወንፊት ብቻ ሳይሆን የእነዚህ ረቂቃን ሠራተኞች ቤት ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ አንድ ማጣሪያ ሠራሁ። አፉ የተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን ወስጄ ታቹን በሳሁት። ከሥር ለመንገድ ንጣፍ የሚውለውን ባለ ብዙ ቀዳዳ ቀይ ድንጋይ አጥቤ ጨመርሁ፤ ከላዩ ስፖንጅ አደረግሁ። አንዲት ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ከገንዳው ወደ ላይ ትገፋለች፤ ውሃውም ጉድፉን በስፖንጁ ላይ ትቶ፣ በድንጋዩ መካከል አልፎ፣ እየተንጠባጠበ ይመለሳል። መንጠባጠቡም ጥቅም አለው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃም በዚያው መጠን ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። ስለዚህ ውሃውን ከአየር ጋር ደጋግሞ ማገናኘት ያስፈልጋል።

ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ አገር ደግሞ ይዘገያል። እኔም በሦስት ዓሦች ብቻ ጀምሬ፣ በጥቂቱ እየመገብሁ፣ በየሁለት ቀኑ የውሃውን ሩብ እለውጥ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ድንጋዩ አተላ ለብሶ ባየሁ ጊዜ በቧንቧ ውሃ እስኪያበራ ድረስ ፈትጌ አጠብሁት። ያ የናቅሁት አተላ ሠራተኞቼ የሚኖሩበት ነበር፤ ፍትጊያውና ክሎሪኑ ጨረሳቸው። በሳምንቱም አንዱ ዓሣ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። በመጀመሪያ፣ የደከመ ዓሣ በመንጠቆ ላይ አይንቀሳቀስምና ለአጥማጁም አይረባም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሃያ ዓሣ በከንቱ ሲሞት ሌላ ሃያ ዓሣ ይፈለጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ነው። የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተራራ ሲነሣና በሰፈራችን ሲያልፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቤታችን የምንለቅበት ቆሻሻ በውስጡ ያሉት ረቂቃን ሠራተኞች ከሚችሉት በላይ ነው። በባልዲዬ የደረሰው በወንዛችንም ደርሷል። በአንዲት ባልዲ ውስጥ ይህን ያየ ተማሪ ቆሻሻ ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ለመሄድ እግሩ እሺ አይለውም።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል እንዲህ ያለ አንድ ገንዳ ቢቋቋም፣ ተማሪዎችም በየተራ ቢጠብቁት መልካም ነው እላለሁ። ወላጆችም ከወጥ ቤታቸው አንዲት ማዕዘን እንዳይነፍጉን እለምናለሁ። የተረፈ ዓሣ ግን ወደ ወንዝ አይለቀቅ፤ በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው የናይል ፐርች ብዙ የሐይቁን ተወላጅ ዓሦች እንዳጠፋ መርሳት አይገባም።

አጎቴ ባለፈው ወር ሲመጡ፣ ቀስ በቀስ ጨምሬ ያደረስኋቸውን ዐሥራ ሁለት ሕያው ዓሦች አስረከብኋቸው። ስሰጣቸው ሆዴ ባባ፤ ነገር ግን በእኔ ድንቁርና አልሞቱም።