ሚስማር ተራውን አትርሱብን፦ ለካልጋሪ ከተማ ከንቲባና ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የካልጋሪ ከተማ ከንቲባ
ለተከበራችሁ የከተማው ምክር ቤት አባላት
ካልጋሪ፣ አልበርታ

ጉዳዩ፦ በአዲሱ የሆኪ አዳራሽ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተመልካች ቋሚ ቦታ እንዲከበር ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በቪክቶሪያ ፓርክ፣ ከአሮጌው የሆኪ አዳራሽ ከሳድልዶም ብዙም ሳይርቅ፣ አዲሱ አዳራሽ ስኮሺያ ፕሌስ ከመሬት እየወጣ ነው። ሥራው በይፋ የተጀመረው በጁላይ 2024 ነው፤ በሩ ለ2027ቱ የሆኪ ወቅት እንዲከፈት ታቅዷል። (ዓመታቱን የምጽፈው በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ነው።) በ2023 በተፈረመው ስምምነት መሠረት፣ የአካባቢው መንገድና ሌላው ግንባታ ተደምሮ፣ ጠቅላላ ወጪው 1.22 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 537.3 ሚሊዮኑን ከተማው፣ እስከ 330 ሚሊዮኑን ደግሞ የአልበርታ መንግሥት ይሸፍናል። የከተማችን የሆኪ ቡድን የፍሌምስ ባለቤት የሆነው ኩባንያ 40 ሚሊዮን በቅድሚያ ይከፍላል፤ የቀረውን ድርሻውን በ35 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ እየከፈለ ይጨርሳል። ሕንፃው ግን የከተማው ነው። የደብዳቤዬ መሠረት ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ነዋሪው ከሆነ ነዋሪው ገብቶ የሚቀመጥበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

እኔ በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ የምኖር፣ በፈረቃ የምሠራ፣ ከኢትዮጵያ የመጣሁ የፍሌምስ ደጋፊ ነኝ። ሆኪን ያስተማረኝ ልጄ ነው፤ እሱ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ተማረ። በአማርኛ የጻፍኩት የአገሬ ልጆች አንብበው እንዲነጋገሩበት ነው። ስለ አዳራሹ ስንነጋገር ወሬው ስለ ገንዘቡ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ማን በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አዲስ ሕንፃ አያስፈልገንም የሚል ክርክር የለኝም። ሳድልዶም በ1983 የተከፈተ ቤት ነው፤ ዕድሜውም ይታይበታል፤ በተለይ በዕረፍት ሰዓት። ሆኪ እንደ እግር ኳስ አንድ ዕረፍት ብቻ ያለው ጨዋታ አይደለም። ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ፤ በመሃሉ አሥራ ስምንት ደቂቃ ያህል የሚቆይ ዕረፍት ሁለት ጊዜ አለ። በረዶውን የሚያለሰልሰው ዛምቦኒ ሜዳው ውስጥ ሲገባ ከ19,000 በላይ የሚይዘው አዳራሽ ሕዝብ ባንዴ ከወንበሩ ይነሣል። ሁሉም የሚወጣው ወደዚያው ጠባብ መተላለፊያ ነው። የመጸዳጃ ቤት ሰልፍ ከምግብ ሰልፍ ጋር ይቀላቀላል፤ ሕፃን የያዘች እናት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰው፣ በምርኩዝ የሚሄድ አዛውንት በዚያ ግፊያ መሃል መንገድ ያጣሉ። ሰው ተመልሶ ሳይቀመጥ ጨዋታው ይጀመራል፤ አንዳንዱም ጎሉን በድምፅ ብቻ ይሰማዋል። በኮርቻ ቅርጽ የተሠራው ጣሪያ ደግሞ ለትልልቅ የሙዚቃ ዝግጅቶች የሚሰቀለውን ከባድ መሣሪያ አይችልም። ይህ ሁሉ በአዲሱ ቤት ይቃለል፤ በዚህ ላይ የምከራከረው ነገር የለም።

ነገር ግን ያ አሮጌ ቤት አንድ ሀብት አለው፤ እሱም ከጣሪያው ሥር ያለው ሕዝብ ነው።

አዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሰው የምለው ወዲያው ይገባዋል። እናንተ ላታውቁት ስለምትችሉ ላስረዳ። ስታዲየሙ ክቡር ትሪቡን አለው፣ ጥላ ፎቅ አለው፣ ከማን አንሼ የሚባል አለው፤ ደግሞ ካታንጋና ሚስማር ተራ አሉ። ትሪቡኑ የባለሥልጣንና የእንግዳ ነው። ሚስማር ተራ ፀሐይና ዝናብ የማይበግረው፣ ለትኬት የምትሆን ጥቂት ብር ይዞ የመጣ ሰው ቦታ ነው። ዜማው፣ ጭብጨባው፣ ተጫዋቹን ከወደቀበት የሚያስነሣው ጩኸት ከየት ይመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከክቡር ትሪቡን ነው የሚላችሁ ሰው አታገኙም።

ሳድልዶምም የራሱ ሚስማር ተራ አለው። ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ቀጥ ባለበት፣ የሆኪ ኳስ የሆነችው ፓክ ከዓይን የምትሰወርበት ቦታ ነው። ቢሆንም የጨዋታው አጠቃላይ መልክ ከዚያ የተሻለ የሚታይበት ወንበር የለም። ኳስ ጨዋታ ስናይ ያደግን ሰዎች ሆኪ የሚገባን ከዚያ ላይ ሆነን ነው፤ ማን ክፍት ቦታ አግኝቶ እንደቆመ፣ ተከላካዩ የት ላይ እንደዘገየ፣ አምስቱ ተጫዋቾች እንዴት ባንድነት እንደሚዞሩ ይታያል። ፍሌምስ ጎል ሲያገባ ከላይ የሚለቀቀው የእሳት ነበልባል ሙቀቱ ፊት ላይ ይደርሳል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ፊሊፒናዊ ወይም ፑንጃቢ፣ በስም የማታውቁት ሰው፣ ያቅፋችኋል። ስደተኛ በዚህ ከተማ ያለ ቀጠሮና ያለ ወረቀት ጎረቤቱን የሚያገኝበት ቦታ ብዙ አይደለም።

በዚያ በረዶ ላይ ለዓመታት አምበል ሆኖ የተጫወተው ጃሮም ኢጊንላ አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። በ2004 ቡድኑን እስከ ስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ መርቷል፤ በ2019 የ12 ቁጥር ማሊያው ከጣሪያው ተሰቀለ፤ በ2020 ደግሞ ለሆኪ የዝና አዳራሽ ተመረጠ። የእኛ ልጆች ያንን ማሊያ ተሰቅሎ ሲያዩ የሚሰማቸውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ይህ ስሜት ግን አዳራሹ ውስጥ ለሚገባ ልጅ ነው የሚደርሰው።

አሁን ወደ ሥጋቴ ልምጣ። ሳድልዶም ለሆኪ 19,289 ሰው ይይዛል። ስኮሺያ ፕሌስ የሚይዘው 18,400 ነው ተብሏል። ወደ 900 የሚጠጋ ወንበር ይቀንሳል ማለት ነው። ዛሬ የሚሠሩ አዳራሾች ወንበር የሚቀንሱት የሚሸጡትን የተለየ ክፍል፣ የክበብ መቀመጫና ምግብ ቤት ለማስፋት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሲቀነስ ደግሞ ከላይ ነው የሚቀነሰው። አዲስ ቤት ሲከፈት ዋጋ ይጨምራል፤ ይህንንም ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሌሎች ከተሞች የደረሰባቸውን ተመልከቱ። ዲትሮይት በ2017 አዲሱን ሊትል ሲዛርስ አሬናን ከፈተች። ታችኛው ክፍል ያሉት ወንበሮች ቀይ ነበሩ፤ በቴሌቪዥን ጨዋታው እየተካሄደ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው አገር አየ። የወንበሩ ባለቤቶች ውድ ትኬት ገዝተው ከኋላ በክበቦቹና በመተላለፊያው ውስጥ ይመገባሉ ተባለ። መፍትሔው ምን ሆነ? ቀዩ ወንበር በጥቁር ተቀየረ። ጥቁር ወንበር ባዶነትን ይደብቃል፤ ጩኸት ግን አያመጣም። ያንን ወንበር ቢያገኝ ከጨዋታው ዓይኑን የማይነቅል ስንት ሰው በዚያች ከተማ እንዳለ ሳስበው ያሳዝነኛል።

የብሩክሊኑ ታሪክ ሌላ ነው። ባርክሌይስ ሴንተር በ2012 ሲከፈት ዋና ዓላማው ቅርጫት ኳስ ነበር። የሆኪ ሜዳ ግን ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። የሆኪ ቡድኑ ኒውዮርክ አይላንደርስ በ2015 ወደዚያ ሲዛወር በረዶው ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ ተነጠፈ፤ ትልቁ የውጤት ሰሌዳ ከመሃል ይልቅ በረዶው ላይ ከተሰመረው ሰማያዊ መስመር በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በአንዱ ጫፍ ለተቀመጡት ደግሞ የቅርባቸው ጎል ከዓይናቸው ተሰወረ። ትኬት ገዝቶ ጎል የማያይ ደጋፊ ምን ይሉታል? ቡድኑ ከዓመታት በኋላ ከተማውን ለቆ በኖቬምበር 2021 ለሆኪ ተብሎ ወደተሠራው ዩቢኤስ አሬና ገባ። እኛ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ የእኛ አዳራሽ ከመሠረቱ ለሆኪ ነው የታቀደው። ቢሆንም የመጨረሻው መደዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ጎል ማየት መቻሉን የምክር ቤቱ ሰው በአካል ወጥቶ እንዲያረጋግጥ እጠይቃለሁ። ንድፍ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲያትል ደግሞ መልካም ነገር አስተምራለች። በ2021 ክላይሜት ፕሌጅ አሬና ሲከፈት የጨዋታ ትኬት የያዘ ሰው በዚያ ዕለት የከተማውን የሕዝብ ትራንስፖርት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠቀም ተደረገ። መኪና ለሌለው፣ ለመኪና ማቆሚያ የትኬት ዋጋ የሚያህል መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የካልጋሪን ክረምት አስቡት። ጨዋታው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ሲያልቅ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ውጭው ከዜሮ በታች 25 ነው። ከሳድልታውን የመጣ አባት ልጁን ይዞ ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ በቀዩ የባቡር መስመር ይሳፈራል፣ መሃል ከተማ ይወርዳል፣ ሰማያዊውን መስመር ይጠብቃል። በሰባተኛው ጎዳና ላይ ባቡር በነጻ ነው፤ የአዳራሹ ጣቢያ ግን ከዚያ ክልል ውጭ ነው። ግሪን ላይን የሚባለው አዲሱ የባቡር መስመር ወደ አዳራሹ የሚደርሰው አዳራሹ ከተከፈተ ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ትኬት በዕለቱ የከተማው ባቡር የሲትሬንና የአውቶቡስ ትኬትም ይሁን፤ ጨዋታ ባለበት ምሽት ሰማያዊው መስመርም በቶሎ በቶሎ ይምጣ። ባቡሩ የራሳችሁ ነው፤ ለዚህ የማንንም ፈቃድ አትጠብቁም።

ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው። ከ18,400ው መቀመጫ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 1,840 ወንበር፣ በየጨዋታው ዋጋው ከሁለት ሰዓት ዝቅተኛ የሥራ ደመወዝ እንዳይበልጥ ከቡድኑ ጋር ተስማሙ። በአልበርታ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ነው፤ ስለዚህ የምጠይቀው የ30 ዶላር ወንበር ነው። አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ሠርቶ አንድ ጨዋታ ይይ። እነዚህ ትኬቶች ለነጋዴ አየር ባየር እንዳይሸጡ በስም ይሰጡ፤ በቤተ መጻሕፍትና በሰፈር ማኅበራት በኩል ይከፋፈሉ። በአንድ ማዕዘን ተሰብስበው ‘የድሆች ቦታ’ ተብለው እንዳይታወቁም በላይኛው ፎቅ ዙሪያውን ይበተኑ።

የትኬት ዋጋ የቡድኑ ጉዳይ ነው፣ ውሉም ተፈርሟል የሚል መልስ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ። ውሉ መፈረሙን አውቃለሁ። ሆኖም ከተማውና ቡድኑ ለ35 ዓመት አብረው ሊኖሩ የተስማሙ ወገኖች ናቸው፤ በመሃሉ ብዙ ነገር ይጠያየቃሉ። ቡድኑ ለመንገድ፣ ለፖሊስ፣ ለባቡር፣ ለፈቃድ ወደ እናንተ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ይህችን ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት። ለቡድኑም ቢሆን ኪሳራ አይደለም፤ ዛሬ ላይኛው ፎቅ ላይ በ30 ዶላር የገባው ልጅ ነገ ደሞዝተኛ ሲሆን ወደ ታች ይወርዳል።

ከዋናው አዳራሽ ጋር የሚሠራው 1,000 ሰው የሚይዝ የማኅበረሰብ ሜዳ በጣም አስደስቶኛል። የሆኪ ጫማና ትጥቅ ውድ ነው፤ ብዙ የእኛ ቤተሰቦች ልጃቸውን ከሆኪ የሚያስቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ሜዳ ጫማ በነጻ ወይም በትንሽ ገንዘብ የሚከራይበት ሰዓት ይመደብ፤ ሰዓቱም ሰው ሥራ ላይ በሚሆንበት ቀትር አይሁን። ሂትመን ስለሚባለው የወጣቶች የሆኪ ቡድንም አንድ ነገር ልበል። በዲሴምበር በሚደረገው የአሻንጉሊት መወርወር ጨዋታ፣ የመጀመሪያው ጎል ሲገባ ሺህ በሺህ አሻንጉሊት ለችግረኛ ልጆች ወደ በረዶው ይዘንባል። አዲስ መጤ ቤተሰብ ሆኪን ቢጀምር ከዚያ ቀን የተሻለ መግቢያ አያገኝም። የወጣቶቹ ቡድን ትኬት በአዲሱ ቤት ከአቅማችን በላይ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ።

በ2022 መደበኛው ወቅት ካለቀ በኋላ በነበሩት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ከአዳራሹ ውጭ ሬድ ሎት በተባለው ቦታ ትልቅ ስክሪን ተዘርግቶ ሕዝብ በነጻ አይቷል፤ ጥሩ ነበር፣ ይቀጥልም። ነገር ግን ውጭ የቆመ ሰው ውስጥ እንደገባ ተቆጥሮ ጉዳዩ እንዳይዘጋ አደራ እላለሁ። የከፈልንበት ቤት ውስጡ ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ጥያቄ የምትስማሙ ከሆነ ወደ ከተማው ስልክ 311 ደውላችሁ ወይም ለሰፈራችሁ የምክር ቤት ተወካይ ጽፋችሁ ‘በአዲሱ አዳራሽ የ30 ዶላር ወንበር ይኑር’ በሉ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን ወላጆቻችሁን ደብዳቤውን በማዘጋጀት አግዟቸው። የምክር ቤቱ አባላትም አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት መልሳችሁን በይፋ፣ በቁጥር አስደግፋችሁ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ነዋሪ የሆነ የፍሌምስ ደጋፊ