የቅናሽ ሳምንት ቲፕ
ከጓደኛ ጋር ሬስቶራንት መብላት ደስ ይላል፤ በቅናሽ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ የዴሞክራቶችን ጉባኤ ስታስተናግድ ሬስቶራንቶቿ ምሳ በ19.92 ዶላር አቀረቡ። ያ የእንግዳ መሳቢያ ዛሬ በየከተማው «የሬስቶራንት ሳምንት» ሆኗል፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በዋሽንግተንና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያም አለ። በአዘቦቱ ደጃፉን የማንረግጠው ቤት ተጠራርተን እንገባለን። አንዱ ዓሣ፣ ሌላው ሥጋ ያዛል፤ ወዲያው ሹካው ከሳህን ሳህን ይዞራል (መቼም የብቻ ሳህን አይሆንልንም)። ይሄ ሁሉ መልካም። የማይዋጥልኝ ሒሳብ ሲመጣ የሚሆነው ነው። «በሞቴ፣ እኔ ልክፈል!» እያለ ሲጓተት የነበረው ሁሉ ቲፕ ላይ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል፤ በቅናሹ ዋጋ አስልቶ ይነሳል። አስተናጋጇ ግን ገበያው ስለሚደራ የተመላለሰችው ከወትሮው በላይ ነው። በቨርጂኒያ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ቢከፍል ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ቀሪውን ቲፑ ይሞላዋል ተብሎ ነው። ይህ 2.13 የፌዴራሉም ሕግ ወለል ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ቅናሹን የሰጠው ባለቤቱ እንጂ እሷ አይደለችም። እባካችሁ፣ ቲፑን በመደበኛው ዋጋ አስሉ።