ጀናዛውን ሳንጠብቅ

በአገራችን የአንድ ሠራተኛ እናት ሲሞቱ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ሦስት የሥራ ቀናት ከነደመወዙ ይፈቅዳል። እድሩ ድንኳን ይተክላል። አለቃም ባልደረባም ለቅሶ ይደርሳል። እኚያው እናት ከመሞታቸው በፊት ስድስት ወር አልጋ ላይ ሲውሉስ ማን ምን አዘጋጀ? አዋጁ ለከባድ አጋጣሚ የሚሰጠው ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ነው፤ ያውም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ። የሕመም ፈቃድ የሚባለውም ለራሱ ለሠራተኛው ሕመም እንጂ ለወላጁ አይደለም።

አዲስ አበባ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ የዋግ ልጅ «አባትህ ኒሯቅ ታመዋል» ቢባል፣ ከአምስቱ ቀን አብዛኛውን መንገዱ ይበላዋል። አባት ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ቢወሰዱ ደግሞ አስታማሚ ያሻቸዋል። በአገራችን ሆስፒታሎች ምግብ የሚያመላልሰው፣ መድኃኒት የሚገዛው፣ ታማሚውን የሚያገላብጠው ቤተሰብ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሆስፒታሉ «አስታማሚው የታለ?» ይላል፤ አሠሪው «ሠራተኛው የታለ?» ይላል። ሁለቱም የሚጠሩት አንዱን ሰው ነው። የገጠሩ ሽማግሌ የጡረታ ደብተር የላቸውም፤ ጡረታቸው ልጃቸው ነው።

«ይህ የግል ጉዳይ ነው፤ ቤትና ሥራ አይቀላቀልም» የሚሉ አሠሪዎች አሉ። እንዴት አይቀላቀልም? ሌሊቱን ወላጁን ሲያነሳና ሲያስተኛ ያደረ ሰው ጠዋት ሒሳብ ይሳሳታል፤ ደንበኛ ይቆጣል፤ ልቡ ስልኩ ላይ ነው። እውነቱን ቢናገር ፈቃድ ስለማያገኝ «አሞኛል» ብሎ ይዋሻል። እውነተኛውን ሰው ውሸት ያስተማርነው እኛ ነን። በመጨረሻም ሥራውን ይለቃል፤ ብዙ ጊዜ የምትለቀው ደግሞ ሴቷ ናት። አሠሪውም ጥቂት ቀን ያተረፈ መስሎት ለዓመታት ያሠለጠነውን ታማኝ ሰው ያጣል።

ዲናችን ምን ያስተምረናል? በሒጅራ 2ኛው ዓመት ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ታመው ነበር። ነቢዩም ባለቤታቸው ዑስማን (ረ.ዐ.) እንዲያስታምሟቸው መዲና አስቀሯቸው፤ የዘማች ምንዳና ድርሻ እንዳላቸውም አረጋገጡላቸው። ይህን ኢማም ቡኻሪ ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ የሙስሊሙ ሠራዊት ከ300 ብዙም በማይበልጥበት፣ አንድ ሰው እንኳ በሚያስፈልግበት ቀን ነው! ከበድር ይልቅ ሰው የሚያስፈልገው የትኛው ሱቅ ነው?

በሱረቱል ኢስራእ አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆቻችን እኛ ዘንድ ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ከልክሎናል። «ኡፍ» የተማረረ ሰው ቃል ነው። ልጁን በሥራና በማስታመም መካከል አጣብቆ እስኪማረር ድረስ ያደከመው አሠሪ ከዚያች ቃል ድርሻ የለበትምን?

ሠራተኛውም አማና አለበት። በወላጁ ሕመም ስም ፈቃድ ወስዶ ገበያ የሚውል በእውነት የተቸገረውን ወንድሙን በር ይዘጋበታል። ወላጆችን ለአንዲት እህታቸው ጥለው በስልክ ብቻ «እንዴት አደሩ?» የሚሉ ወንድሞችም ከተጠያቂነት አያመልጡም።

ሙስሊም ነጋዴ ሆይ! አዋጁ ትንሹን ወሰነ እንጂ ከዚያ በላይ አትስጥ አላለህም። ሠራተኛህ የዓመት ፈቃዱን ወላጁ በታመሙበት ጊዜ ይውሰድ፤ ሰዓቱን ከባልደረባው ጋር ይቀያየር፤ ጥቂት ቀናትም ከነደመወዙ ጨምርለት። እድሮቻችንም ለከፈን ከሚያስቀምጡት ላይ ለአስታማሚ ስንቅና ለመጓጓዣ ይመድቡ፤ ለጀናዛ የሚሰበሰበው ጎረቤት ለማስታመምም ተራ ይግባ። ጀናዛን መሸኘት ግዴታችን ነው፤ በሕይወት ያለውን መንከባከብም እንዲሁ።

አላህ ወላጆቻችንን በእርጅናቸው ከማይሰለቹት ያድርገን። አሚን።