ስለ ሕፃናት የእንግሊዝኛ ትምህርትና ስለ ደብዳቤ ልውውጥ

የሰው ልጅ ማናቸውንም ቋንቋ የሚያውቀው ሲናገርበት እንጂ ስለ ቋንቋው ሲነገረው ብቻ እንዳይደለ የታወቀ ነው። በቅኔ ቤት ያለፉ ሊቃውንት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ ሌላው የተቀኘውን በመስማት ብቻ አይመረቅም፤ ራሱ ቈጥሮ፥ ለመምህሩ ነግሮ፥ ስሕተቱን አሳርሞ፥ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይቀርባል። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ግን እንግሊዝኛ የሚማር ሕፃን ቃሉን ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል እንጂ በዚያ ቋንቋ የሚጠይቀው፥ የሚመልስለትም ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። እንግዲህ የማይነገር ቋንቋ እንደማይዘራ ዘር ነው፤ በጎተራ ሳለ ይነቅዛል።

ነገሩ ቀላል እንዳይደለ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል አንሥቶ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፥ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጦርነቱም፥ የመምህርና የመጽሐፍ ማነስም አለበት። ነገር ግን የጥያቄው ቃል ያልገባው ተማሪ ነገሩን ቢያውቀው እንኳ ሊመልስ እንደማይችል ማንም አይስተውም።

የሸዋ ታሪክ ስለዚህ ነገር የሚናገረው ብዙ ነው። በ1831 ዓ.ም. ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ወደ አንኮበር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። አማርኛን ተማረ፤ የግዕዝ መጻሕፍትንም ሰበሰበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካፒቴን ሐሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ በመጣ ጊዜ፥ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በዚያም ጉዳይ በአስተርጓሚነት የረዳው ይኸው ክራፕፍ ነበር። ይህም ማለት እንግዳው የባለቤቱን ቋንቋ ሲያውቅ፥ ባለቤቱ የእንግዳውን ሳያውቅ ቀረ ማለት ነው። የአንድ ወገን ዕውቀት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አሳየ። የውሉ 17ኛው ክፍል በአማርኛ አንድ ነገር፥ በኢጣልያንኛ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ክርክሩም በዐድዋ በደም ተፈጸመ። ስለዚህ የባዕድን ቋንቋ አጥርቶ ማወቅ ጌጥ ሳይሆን የአገር አጥር ነው።

ለዚህ ከሚረዱት ብልሃቶች አንዱ የአንድ አገር ክፍል ሕፃናት ከሌላ አገር ክፍል ሕፃናት ጋር ደብዳቤ፥ ሥዕልና ድምፅ እንዲለዋወጡ ማድረግ ነው። ይህ በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. በጎንደርና በእንግሊዝ አገር ባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል የተጀመረው ወዳጅነት ሊንክ ኢትዮጵያ ለሚባለው ማኅበር መነሻ ሆኗል። በጎንደር የተቻለው በሸዋ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የልውውጡ ጥቅም ግን በእንግሊዝኛው ብቻ አይወሰንም። የባዕድ አገር ሕፃን፦ «የእናንተ ዓመት ስለ ምን ዐሥራ ሦስት ወር ሆነ? ስለ ምንስ በመስከረም ይጀምራል?» ብሎ ቢጽፍ፥ የአንኮበር ሕፃን መልሱን በእንግሊዝኛ መጽሐፉ አያገኘውም። ወደ ደብሩ ሄዶ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቀውን መምህር መጠየቅ ይኖርበታል። ደብረ ብርሃን ስሟን ከወዴት እንዳገኘች ቢጠየቅ፥ ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና በዘመኑ በሰማይ ስለ ታየው ብርሃን ሽማግሌዎችን ይጠይቃል። ስለ መንዝ በግ፥ ስለ ባናና ስለ ብርድ ልብስ፥ በገደሉ ጫፍ ሣር ስለሚግጠው ስለ ጭላዳ፥ በአንኮበር ስም ስለሚጠራው ትንሽ ወፍ ለመጻፍ አስቀድሞ አጥብቆ ማየት ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ሲሆን የሩቁ ጥያቄ ሕፃኑን ወደ ገዛ አገሩ ይመልሰዋል እንጂ ከአገሩ አያርቀውም።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ከባዕድ ጋር መጻጻፍ የሕፃናቱን ሃይማኖትና ጠባይ ያበላሻል» ይላሉ። የክራፕፍን ዐላማ ለሚያስታውስ ሰው ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ሥር የሌለው ተክል ነፋስ ባይመጣም ይወድቃል፤ ሥር ያለው ግን ነፋስ ቢመጣም ይቆማል። መድኃኒቱም በርን መዝጋት ሳይሆን ሕፃኑ የገዛ ፊደሉንና ታሪኩን አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። በዚህም የካህናቱ ድርሻ ከመምህራኑ ድርሻ አያንስም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። የሕፃናቱ ደብዳቤ የልመና ወረቀት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። «እርሳስ ላኩልን፥ ጫማ ላኩልን» እያለ የሚጽፍ ሕፃን እንግሊዝኛን ቢለምድም ራሱን ዝቅ ማድረግንም አብሮ ይለምዳል። ልውውጥ የሚባለው ሁለቱም ሰጥተው ሁለቱም ሲቀበሉ ነው። እንደዚሁም የሕፃን ሥዕልና ስም ያለ ወላጆቹ ፈቃድ ወደ ውጭ ሊላክ አይገባም፤ መምህሩም የሚገባውንና የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ አስቀድሞ ሊያነብ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ሲነገር የጊዜውን ችግር መርሳት አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ርቀዋል። በደብረ ብርሃንም ከመኖሪያቸው ተፈናቅለው በመጠለያ ያደጉ ሕፃናት አሉ። «የትምህርት ቤቱ በር ሳይከፈት ስለ ባሕር ማዶ ደብዳቤ ማውራት ምንድን ነው?» የሚል ሰው እውነት አለው፤ የመጀመሪያው ሥራ በሩን መክፈት ነው። ነገር ግን በሩ በተከፈተበት ስፍራ ልውውጡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለአንድ ክፍል አንድ የመምህር ስልክ፥ ወረቀትና በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ሲጀመርም ለጥቂት የከተማ ባለጠጎች ልጆች ብቻ ሳይሆን በመጠለያ ላሉትም፥ በአንኮበር ገደል ሥር ላሉትም ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ የወረዳና የዞን የትምህርት ሹማምንት በያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ ኀላፊ የሚሆን መምህር ሊመድቡ፥ መምህሩም ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር መዝገቡን ለተተኪው እንዲያስረክብ ሊያዝዙ ይገባል። አለዚያ ወዳጅነቱ ከአንድ ሰው ጋር መጥቶ ከአንድ ሰው ጋር ይሄዳል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ተማሪዎችም የሕፃናቱን ደብዳቤ በማረም ሊረዱ ይችላሉ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ዛሬ ሦስት መስመር የጻፈ ሕፃን ነገ የአገሩን ውል በሁለት ቋንቋ አንብቦ፥ ልዩነቱን ለይቶ፥ «ይህ ቃል ልክ አይደለም» ለማለት የሚችል ሰው ይሆናል።