ስለ ካሚዮን ፍሬንና ስለ ጣርማ በር ቁልቁለት

ስለ ዘርና ስለ አዝመራ በሚነገርበት በዚህ ገጽ ስለ መኪና ፍሬን መጻፋችን የሚያስደንቀው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የእነዋሪ ጤፍና ስንዴ፥ የደብረ ብርሃን ገብስና ባቄላ ከአውድማ ተነሥቶ ገበያ የሚደርሰው፥ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩም ወደ ገበሬው የሚመጣው በካሚዮን ስለ ሆነ፥ የካሚዮኑ ነገር የእርሻ ነገር ነው። ገደል የገባ እህል ካልታጨደ እህል በምንም አይሻልም፤ ከእህሉ ጋር የሚጠፋውን ሰው ግን በኵንታል የሚሰፍረው የለም።

የአገሩን አቀማመጥ አንባብያን ያውቁታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና፥ ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ያስቈፈሩትን ዋሻ አልፎ፥ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ካሚዮኑ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ቆላ የሚወርደው ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውም መንገድ ቢያጥር እንጂ ቁልቁለቱ አይቀልም።

ከእንዲህ ያለ ቁልቁለት ካሚዮን ሲገለበጥ የሚወራውም የሚጻፈውም «ፍሬን በጥሶ ነው» የሚል ቃል ነው። ይህ ቃል ለባለ መኪናውም ለመርማሪውም ይመቻል፤ ነገሩን ማንም ሊያውቀው የማይችል ድንገተኛ መዓት ያስመስለዋልና። መንኰራኵሩ ተፈትቶ ቢታይ ግን ምንም የተበጠሰ ነገር የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የሆነው ሌላ ነው። 200 ኵንታል የሚመዝን ካሚዮን 1,500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 800 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ ከአፋፉ ሳይነሣ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ፥ ይልቁንም ነዳጅ ለመቈጠብ ማርሽ አውጥቶ ከለቀቀው፥ ይህ ትኵሳት የሚያርፈው በፍሬኑ ሸራና በታምቡሩ ላይ ነው። ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ከመጠን ያለፈ ሲግል መያዙን ይተዋል። ፍሬኑ የዘይት እንደ ሆነ ደግሞ፥ ዘይቱ ከዘመን ብዛት እርጥበት ጠጥቶ ስለሚቈይ ፈጥኖ ይፈላል፤ እንፋሎት በሆነም ጊዜ ሾፌሩ ቢረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይወርዳል እንጂ መኪናው አይቆምም። ደብረ ሲና ላይ የቆመ ሰው የተቃጠለ ሸራ ሽታ ሳይሸተው አይውልም። ረዳቱም በጋለው ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያፈስ ይታያል፤ ይህ ብረቱን የሚሰነጥቅ ስለ ሆነ መከልከል ይገባል።

አሮጌ ካሚዮን ሁሉ ይወገድ የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1952 መሠራት የጀመረው ፊያት 682 በአገራችን ዳገትና ቁልቁለት ላይ ስሙ የገነነ መኪና ነበረ፤ ዕድሜውን ያረዘመለትም፥ እንደሚመስለን፥ ብረቱ ብቻ ሳይሆን ድምፁን የሚያውቁት ሾፌሮችና መካኒኮች ናቸው። ደግሞም አንድ ካሚዮን ብቻ ያለው ሰው ካሚዮኑ ቢወሰድበት እህሉ በአውድማ ይቀራል፤ የጭነት ዋጋም ይወደዳል። ስለዚህ የሚታደሰውንና የሚለወጠውን መለየት ይሻላል።

ሸራው ሚስማሩ ታምቡሩን ሳይነካ ቢለወጥ፥ በአንድ አክስል ላይ ግራውና ቀኙ አብሮ ቢታደስ፥ የጎማ ቱቦው ሳይሰነጠቅ ቢተካ፥ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር፥ የነፋስ ፍሬን ካለውም ከነፋሱ ጋን ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ ዕለት ዕለት ቢፈስስ፥ አሮጌ ፍሬን ታማኝ አገልጋይ ነው። (የሸራውን ትቢያ በአፍ እፍ የሚሉ መካኒኮችንም እግረ መንገዳችንን እናስጠነቅቃለን፤ በቀድሞ ሸራዎች ውስጥ የሚገኘው አስቤስቶስ ሳንባን ይገድላል።) ጥገና የማያድነው ግን አለ። ዘይቱ በአንድ መስመር ብቻ የሚሄድ ፍሬን አንድ ቱቦ ቢፈነዳበት አራቱም እግር ባዶ ይቀራል፤ ሁለት መስመር ያለው ግን እኩሌታው ይተርፍለታል። እንዲሁም በቀድሞው የነፋስ ፍሬን ነፋሱ ካለቀ መያዣው አብሮ ያልቃል፤ በኋላ በተሠራው ግን ነፋሱ ሲጐድል ሞላው ራሱ ተዘርግቶ መንኰራኵሩን ይይዛል። ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። ስለዚህ ሁለት መስመር ወይም ሞላ የሌለው ከባድ ካሚዮን ፍሬኑ እስኪለወጥ ድረስ በእነዋሪና በደነባ ሜዳ እህል ያመላልስ፤ ጣርማ በርን ግን አይውረድ። ባለቤቱ እንጀራውን አያጣም፥ አገሩም ካሚዮኑን አያጣም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አዋጅ ቍጥር 681 ዓመታዊ ምርመራን አዝዟል። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን የተለጠፈ ቦሎ በዐሥረኛው ወር ስላለው ሸራ ምንም አይናገርም። ሾፌሩም «ሸራው አልቋል» ብሎ ሲናገር «ይህን ጉዞ ብቻ ጨርስ» የሚለው ባለቤቱ ነው፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ ግን የሚታሰረው፥ በሕይወት ከተረፈ፥ ሾፌሩ ነው። ይህ ፍርድ ለእኛ ቀና ሆኖ አልታየንም። የአዲስ ሸራ ዋጋ ከአንድ ካሚዮን ጤፍ ዋጋ ጋር የሚተካከል እንዳይደለም ባለቤቱ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

በእርሻ ሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንት የትራፊክ ፖሊስ አይደለንም ትሉ ይሆናል። ሆኖም ማዳበሪያና ዘር ለማጓጓዝ ካሚዮን የምትዋዋሉት እናንተ ናችሁ። በውሉ ላይ ሸራው የተለወጠበት ቀንና የለወጠው መካኒክ ስም እንዲጻፍ፥ ሾፌሩም ፍሬኑን ተጠራጥሮ አልወርድም ቢል ከሥራው እንዳይባረር ብትጽፉበት የሚከለክላችሁ የለም። አደጋም ሲደርስ «ፍሬን በጥሶ» የሚለውን ቃል አትቀበሉ፤ መንኰራኵሩ ተፈትቶ የሸራው ውፍረት ተለክቶ ይጻፍ። የመፈተሻውም ቦታ ጉም ከሚጋርደው ከዋሻው አፍ ሳይሆን ከዚያ በፊት፥ ካሚዮኖች ተራ ይዘው ሊቆሙበት በሚችሉበት ሜዳ ላይ ይሁን፤ የኅዳር አጨዳ ሳይደርስም ቦታው ቢመረጥ መልካም ነው።