የዛሬ እረኛ ምን ይላል? ወጣቱና የስልክ ፖለቲካ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

በቀደመው ዘመን ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል። የእረኛው ስም አይታወቅም፤ የሚያንጎራጉረው ግን ሲያየው የዋለውን ነውና ቃሉ ይታመን ነበር። ዛሬ የመሐል ሜዳ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ ወጣት ሐሳቡን የሚገልጸው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው። እርሱም ብዙውን ጊዜ ስሙን ይደብቃል። ችግሩ ግን የስሙ መደበቅ አይመስለንም። አብዝቶ የሚናገረው ባላየው ጉዳይ ላይ መሆኑ ነው።

ስለ አዲስ አበባ ሹም ሽርና ውጭ አገር ስላሉ ተሟጋቾች ጠብ ሌሊቱን ሲከራከር የሚያድር ወጣት፣ በቀበሌው ስላለው የማዳበሪያ ስርጭት ወይም ስለ ተቋረጠ መንገድ አንድ መስመር ሲጽፍ እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ስለ ሩቁ የተናገረ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም፤ ስለ ቅርቡ የጻፈ ግን የማን ልጅ እንደሆነ በማግሥቱ ይታወቃል።

በዚሁ ደጋ ግን ስለ ቅርቡ ጉዳይ በአደባባይ መምከር እንግዳ ልማድ አይደለም። የመንዝ ጓሳ «ቄሮ» በተባለው ሥርዓት (በቅርብ ዓመታት ከተሰማው የወጣቶች ንቅናቄ መጠሪያ ጋር መምታታት የለበትም) ለዘመናት ተጠብቆ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ኃላፊዎቻቸውን እየመረጡ፣ ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው በስምምነት ይከፍቱት ነበር። ሥርዓቱ መብትን በዘር ሐረግ ይቆጥር ስለነበር ፍጹም ነው አንልም፤ በ1967ቱ የመሬት አዋጅም አክትሟል። ሆኖም የሚናገረውም ሆነ ደንቡን የሚጥሰው ሰው ይታወቅ ነበር፤ የሚመከርበትንም ሣር ሁሉም በዓይኑ ያየዋል።

ባላዩት ነገር መናገር ሕይወት እንደሚያስከፍል ክልላችን በመራራ መንገድ ተምሯል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር ከተሰራጨ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ፍርድ ቤት ከስሷል፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። በአገራችንም የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ያን ጽሑፍ ተቀባብለው ያዳረሱ እጆች ግን በአብዛኛው ስም የላቸውም።

በሌላ በኩል መስመሩን መዝጋት መድኃኒት አልሆነም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መረጃው ቆመ እንጂ ወሬው አልቆመም፤ አዲስ አበባ ካለ ዘመድ በስልክ የተሰማ ቃል ያለ ምስልና ያለ ቀን ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፍ ጀመር። ደግሞም በገጠር ስልክ የቤተሰብ ዓይን ነው። ወላጅ በሬውን ይዞ ገበያ ልውጣ ወይስ ልቅር ብሎ የሚወስነው ልጁ ባነበበለት ነው። ልጁ ሳያጣራ ካነበበ የሚሳሳተው ቤተሰቡ በሙሉ ነው።

በምርጫ ሕጋችን፣ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ መሠረት 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል፤ 21 ዓመት የሞላውም ለዕጩነት መቅረብ ይችላል። በስልኩ ስለ አገር ሲሟገት ከሚያመሸው የመንዝ ወጣት ብዙው ይህን ዕድሜ አልፏል። የማዳበሪያውን ወረፋ፣ የመንገዱን መቋረጥና የወረዳውን ሹም አሠራር በዓይኑ ያያል፤ እስካሁን ግን ያየውን የሚጽፈው ጥቂቱ ብቻ ነው።